ሐምሌን በሸነን

ንጋት ላይ ዶሮ ሲጮህ የስድስት ዓመቱ ልጄ ከብርድ ልብሱ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «አባ፣ ዝናቡ አባራ?» አለኝ። አላባራም። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ገና ማካፋት እንኳ አልጀመረም። ልጁ ግን መልሴን አልጠበቀም። የአያቱን ቦት ጫማ አጠለቀና፣ ቦቱ ጉልበቱን አልፎ እያንገዳገደው፣ ወደ በረቱ ወጣ።

አማቴ ላሟን እያለቡ ነበር። ልጆቹ «አኮ» ነው የሚሏቸው፤ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። በወይራ ጭስ የታጠነው ቅል አፉ ድረስ አረፋ ሞልቷል። ለልጁ በጣሳ ቀዱለትና ቀና ሲሉ እኔን በሩ ላይ ቆሜ አዩኝ።

«እናንተ ተኙ እንጂ፤ ለዕረፍት አይደል የመጣችሁት?»

በኦሮሞ ወግ አማች ይከበራል፤ እኔ አንድ ብሆንም «እናንተ» ነኝ። እውነታቸውንም ነው፤ ለዕረፍት ነበር የመጣነው። ባለቤቴና እኔ የዓመት ፈቃዳችንን አገጣጥመን፣ የስድስትና የአሥር ዓመት ልጆቻችንን ይዘን፣ ሐምሌ ማብቂያ ላይ ለዘጠኝ ቀን ከአዲስ አበባ ወጣን። ሁለቱን ሌሊት አምቦ አድረን፣ የቀረውን በምዕራብ ሸዋ ዞን የጅባት ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከሸነን ወጣ ባለች የእንሰትና የድንች መንደር፣ በባለቤቴ እናት ቤት ልናሳልፍ።

እዚያ በረት በር ላይ ቆሜ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የባለቤቴ ወንድም በሬዎቹን ይዞ ጨለማ ሳይገፈፍ ወጥቷል። ሚስቱ እሳት እያነደደች ነው። ትልቁ ልጃቸው ጥጃዎቹን ሊያግድ ገሳውን ደርቧል። ከግቢው ሰው ሁሉ ዕረፍት ላይ የነበርነው እኛ አራታችን ብቻ ነበርን።

ዕረፍት በዝናብ

የእኛ አገር የትምህርት ዕረፍት ከብዙው ዓለም ይለያል። አውሮፓዊው ልጁን ይዞ የሚወጣው ፀሐይ ስትገን ነው፤ የእኛ ልጅ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሰማዩ ሲከፈት። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ካርድ ይሰጣል፣ መስከረም ላይ ደወል ይደወላል። በመካከል ያለው ሁለት ወር ከነጳጉሜው ክረምት ነው፤ ወንዝ የሚሞላበት፣ መንገድ የሚጨቀይበት፣ ገበሬው ቀና የማይልበት ጊዜ።

ቀን መምረጡም እንደ ሌላው አገር ቀላል አይደለም። በእኛ ቤት ሂሳቡን የምትሠራው ባለቤቴ ናት። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ገጠር ሄዶ ወተትና እርጎ መጠጣት የፈለገ ጿሚ ቤተሰብ ያለው፣ ረቡዕና ዓርብ ተቀንሶ፣ ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነው። ደግነቱ ላሞቹም የሚታለቡት ያን ጊዜ ነው፤ ሣሩ ለምልሞ ግጦሹ ያጠግባል።

ሕጉ ፈቃድ አይነፍገንም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የመንግሥት ሠራተኛ በ20 የሥራ ቀናት ይጀምራል። ቀኑ ግን ሌላ ሥራ አለበት። በለቅሶና በሠርግ ይሸራረፋል፣ በሚያፈስ ጣሪያ ጥገና ያልቃል፣ ለአንድ ፊርማ በሚደረግ የቢሮ ምልልስ ይበላል። ልጆቹም ክረምቱን ከማጠናከሪያ ትምህርት ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ ሲመላለሱ መስከረም ይጠባል። ሴት ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላት አያቷ ቤት ያደረችባቸውን ሌሊቶች ብቆጥር አሥር አልሞሉም። መንገድ ያስወጣን ይህ ቁጥር ነው።

የምዕራቡ መንገድ

ወደ አምቦ የሚወስደው መኪና ከአስኮ መናኸሪያ ይነሳል። የእኛ አባዱላ ገና ሳይሞላ ረዳቱ «ሞልቷል!» ማለት ጀመረ፤ ሲሞላም ሦስት ሰው ጨመረ። ቡራዩን፣ መናገሻን፣ ሆለታን አልፈን ገላጣው የሸዋ ደጋ ሲዘረጋ ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። ጥቁር አፈር ላይ የተኛው ውሃ፣ በጥማድ የሚያርሰው ሰው፣ ከጭጋግ ውስጥ ብቅ የሚለው ባሕር ዛፍ።

ባሕር ዛፉ የዚህ መንገድ ታሪክ ነው። አዲስ ዓለምን ስናልፍ ለልጄ የነገርኳት ይህንን ነው፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሊያዞሩ አስበው ነበር። አዲስ አበባ የማገዶና የግንባታ እንጨት አልቆባት ነበርና። አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ፤ የከተማዋም ስም ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው። በኋላ ግን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ የእንጨቱን ችግር አቃለለ፣ ከተማውም ባለበት ቀረ። የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያን ዘመን ታስታውሳለች። «ታዲያ ያኔ ቢዛወር ኖሮ አሁን ቤታችን ደርሰን ነበር ማለት ነው?» አለችኝ ልጄ። አዎ አልኳት፤ ዕረፍቱ ግን ይቀርብን ነበር።

ኦሎንኮሚንና ጊንጪን አልፈን፣ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን አምቦ ገባን። ለአንባቢዬ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ባለፉት ዓመታት የምዕራብ ሸዋ መንገድ ሁልጊዜ ቀና አልነበረም። እኛም የወጣነው እዚያው ላሉ ዘመዶች ደውለን፣ ሾፌር ጠይቀን፣ «ኑ፣ መንገዱ ሰላም ነው» ስንባል ነው። የሚሄድ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነው።

ጋዙን ማን ጨመረበት?

የአምቦን ስም ከጠርሙሱ የተነሳ ዓለም ያውቀዋል። ጠርሙሱ ግን ስሙን የወሰደው ከውሃው ነው። በየገጠሩ ከብት የሚነዳበት ጨዋማ ምንጭ አምቦ ይባላል፤ ኦሮሞው ሆራ ይለዋል። ከብት ሆራ ካልወረደ አይወፍርም፣ ወተቱም አይጥምም ይላል አርቢው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ሕዝቡ ግን አምቦ ማለቱን አልተወም። ባለቅኔው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ አቅራቢያ ቦዳ በምትባል ስፍራ ነው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳም የዚህችው ከተማ ልጅ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ሲገደል የተቀበረውም እዚሁ ነው።

አመሻሹ ላይ ፍልውሃው መዋኛ ገባን። ከላይ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፣ ከታች ለብ ያለ ውሃ ያቅፋል። ትንሹ ልጄ አገጩ ድረስ ሰምጦ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የዝናቡን ጠብታ ይቆጥራል። ቤት ውስጥ ገላውን እንዲታጠብ በልመና የምናስገባው ልጅ «ውጣ» ሲባል አለቀሰ። ከጎናችን የነበሩ አንድ አባት ወገባቸው ላይ እጃቸውን ጭነው፣ «ሰባት ቀን ብትገቡበት የጀርባ ሕመም የሚባል አታውቁም» አሉን። እኛ ያሰብነው ሁለት ቀን ነበር።

ከመዋኛው ወጥተን አምቦ ውሃ ሲከፈት ጋዙ የልጄን አፍንጫ ነካው። «ጋዙን ማን ጨመረበት?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለውን ጋዝ ፋብሪካ ይጨምረዋል፤ አምቦን ግን መሬቱ ነው የጨመረበት። አካባቢው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከጥልቅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ውሃውም በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉ ማዕድናትን ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚሸጠው ይህ ነው። ልጄ ለማብራሪያዬ የሰጠው መልስ ረዥም ግሳት ነበር።

ለጠበል መውጣት

ፍልውሃው ዳር የነበሩት አባት «ሰባት ቀን» ያሉት በዘፈቀደ አይደለም። ዕረፍት የሚለው ቃል ከቢሮና ከፈቃድ ጋር ከመጣበቁ በፊት የእኛ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ሰበብ ነበረው፤ ለጠበል መውጣት። ሰባት ቀን ወይም ሁለት ሰባት ተብሎ ተቆጥሮ፣ ስንቅ ተይዞ፣ ቤት ለዘመድ አደራ ተብሎ ይወጣል። የታመመው ይጠመቃል፣ ያልታመመው ያስታምማል። ሁሉም ግን ከሥራው ይለያል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር እሳት ይሞቃል፣ ወሬ ይሰማል።

አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ልማድ የተወለደች ናት። የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ በነበረችበት ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም ተከትሎ ሠፈረ። የብርዱ ተራራ ተረስቶ የፍልውሃው ሜዳ ዋና ከተማ ሆነ።

ስለዚህ «ዕረፍት የፈረንጅ ነው» የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። የጎደለን ልማዱ ሳይሆን ልማዱን ከዛሬው ኑሮ ጋር የሚያስማማ ዘዴ ነው።

ፈረንሳዮች ያሰቡት ነገር

ዘዴውን አስበው ከተሳካላቸው አገሮች አንዷ ፈረንሳይ ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. እስከ 1936 ድረስ ዕረፍት የባለጸጋ ነገር ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ በሌዎን ብሉም የተመራው የሕዝብ ግንባር መንግሥት ለሠራተኛው ሁሉ ደመወዙ ሳይቆረጥ የሁለት ሳምንት ፈቃድ በሕግ ሰጠ። የባቡር ትኬትም በቅናሽ ወጣ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስቱን በብስክሌት አፈናጦ ከተማ ለቆ ወጣ። ዛሬ ፈቃዱ አምስት ሳምንት ደርሷል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ሐሳብ ነው። የፈረንሳይ ገጠር ሰው እየለቀቀው ነበር። ወጣቱ ከተማ ይገባል፣ የድንጋይ ቤቶች ባዶ ይቀራሉ፣ የቀረው ገበሬ ደግሞ በእርሻው ብቻ መኖር ያቅተዋል። በሌላ በኩል የሆቴል ገንዘብ የሌለው የከተማ ቤተሰብ ንጹሕ አየር ፈልጓል። ሁለቱን አገናኙ። ገበሬው ባዶ ቤቱን ወይም ጎተራውን በድጎማ አድሶ፣ ምድጃና አልጋ አግብቶ፣ ለከተማ ቤተሰብ በሳምንት ያከራያል። ይህን ቤት «ዢት» ይሉታል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1951 በደቡብ አልፕስ ተከፈተ፤ በ1955 አገር አቀፍ ማኅበር ተቋቋመለት። ዛሬ በፈረንሳይ ገጠር ቤት ተከራይቶ፣ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ፣ ቀን ዛፍ ሥር ተኝቶ የሚመለስ ቤተሰብ የዚያ ሐሳብ ወራሽ ነው።

ሐሳቡ ጎልቶ የሚታየው ከከፋዩ በኩል ሳይሆን ከተቀባዩ በኩል ሲያዩት ነው። እንግዳው ያርፋል፤ አስተናጋጁም ለድካሙ ዋጋ ያገኛል። የእንግዳው ዕረፍት የባለቤቱን ጎተራ አያጎድልም፤ እንዲያውም ይሞላዋል።

የፈረስ ተራ

እኛ አገር ይህን ሐሳብ በዓይን ለማየት ከአምቦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወሊሶ በሚወስደው ተራራማ መንገድ መውጣት ይበቃል። ወንጪ የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ነው። የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል፤ ሥሩ ሐይቁ ተኝቷል፣ ሐይቁ መካከል የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት አለ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ግን ሐይቅ የሚባል አልነበረም፤ ነጭ ጉም ብቻ። ልጆቹ እንደ ተታለሉ ሁሉ ያዩኝ ጀመር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነፋስ መጣና ጉሙን ገለጠው። ሁለቱም አንድ ላይ ጮኹ።

የወንጪ ሰው ከእንግዳ ጋር የሚኖርበትን ደንብ ቀድሞ አበጅቷል። ፈረስ የሚያከራየው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ መንገድ የሚመራው የአካባቢው ሰው በማኅበር ተደራጅቶ በተራ ይሠራል። በእንግዳው ላይ የሚሻማ የለም፤ ተራው የደረሰ ብቻ ፈረሱን ያቀርባል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከሰየማቸው 44 የዓለም መንደሮች አንዷ ወንጪ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ውስጥም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ገብታለች። መንገዱ ተሻሽሏል፣ ዘመናዊ ማረፊያም ተሠርቶላታል። የወደፊቱ ጥያቄ ያ የፈረስ ተራ ከማረፊያው ጋር እንዴት አብሮ ይኖራል የሚለው ነው። ለእኛ ተራ የደረሰው ፈረስ ባለቤት የሴት ልጄን እግር እርካቡ ላይ እያስተካከለ፣ «በዚህ ገንዘብ ነው ልጆቼ ደብተር የሚይዙት» አላት። ስትወርድ ፈረሱን አንገቱን አቅፋ ሳመችው።

በዚያው ቀን ልጆቹን ያስደነቀ ሌላ ነገር ተማርን። ከወንጪ ሰሜን ምሥራቅ የደንዲ ሐይቅ አለ፤ ከላይ ሲታይ ስምንት ቁጥርን የሚመስል። የደንዲ ውሃ በሁሉቃ ወንዝ አምቦን አቋርጦ ወደ ጉደር፣ ከጉደር ወደ ዓባይ ይገባል። የወንጪ ውሃ ደግሞ በወልጋ በኩል ወደ ግቤ፣ ከግቤ ወደ ኦሞ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይቀራል። ጎረቤት ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናብ አንዱ ሜዲትራኒያን ባሕርን፣ አንዱ የኬንያን በረሃ ያያል። ትንሹ ልጄ ጫፉ ላይ ቆሞ ምራቁን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተፋ። ምን እያደረገ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በጅባት ጥላ ሥር

ከአምቦ ወደ ምዕራብ ጉደር ቅርብ ናት፤ 12 ኪሎ ሜትር። ስሟን በቀይ ወይን ጠርሙስ የሚያውቃት ሁሉ ፏፏቴዋን በሐምሌ ቢያያት ቀለሙ ከወይኑ ብዙም አይርቅም፤ የደጋው አፈር ታጥቦ የሚወርደው በእሷ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ በጥቁር እንጭኒ በኩል፣ መኪናው ጭቃውን ሲታገል እኛም ከወንበራችን ጋር ስንታገል ሸነን ደረስን።

ሸነን የሚጎበኝ ሐውልት የላትም። ያላት ገበያ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የፈረስ ኮቴና ከበላይዋ የተዘረጋው የጅባት ደን ነው። ጅባት በሸዋ ከተረፉት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ዝግባው፣ ኮሶው፣ ከፍ ብሎም ቀርቀሃው አለበት። በአካባቢው ቀርቀሃ አጥር ነው፣ ቤት ነው፣ ቅርጫት ነው። የባለቤቴ ወንድም አንድ ቀን ሙሉ ደኑን አዞረን። ጉሬዛዎች ረዥሙን ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩ። ዝናቡ ሲመጣ ዝግባ ሥር ተጠለልን፤ ከሰዓት በኋላም እዚያው ቆመን ቆሎ ቆረጠምን። ያን ቀን ማንም ስልክ አላነሳም፤ ቢያነሳም ኔትወርክ የለም።

ማታ ማታ ቤቱ በምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል። ቆጮ በጎመንና በአይብ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ለእንግዳ ክብር ደግሞ በቅቤ የሚቆላው ቡና ቀላ። መብራት በየማታው ይጠፋ ነበርና አኮ እንቆቅልሽ ያመጣሉ። በኦሮምኛ ሂቦ ይባላል። ልጆቼ ኦሮምኛ አይችሉም፤ ያጎታቸው ልጆች አማርኛቸው ጥቂት ነው። በሦስተኛው ማታ ግን ሴት ልጄ ሂቦውን በኦሮምኛ ተቀብላ በኦሮምኛ መለሰች። ምን ብላ እንደመለሰች አላወቅሁም፤ እናቷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ባለቤቴ ከተማ ከገባች ወዲህ ለልጆቿ ያላስተማረችውን ቋንቋ አያታቸው በሦስት ምሽት ጀመሩላቸው።

ገጠሩን አሳምሬ ብቻ እንዳልናገር፣ ቁንጫ አለ። ጭቃ አለ። ትንሹ ልጄ በሁለተኛው ቀን ሆዱን አመመው፤ ከዚያ በኋላ የፈላ ውሃ ብቻ አጠጣነው። መጸዳጃው ሩቅ ነው፣ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይበልጥ ይርቃል።

መዳብ የሆነ እንግዳ

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። በአራተኛው ቀን መዳብነቴ ተነገረኝ፤ በክፋት ሳይሆን በአጋጣሚ።

ከባለቤቴ ወንድም ጎረቤት ጋር አጥር ላይ ቆመን ስናወራ፣ «ያን ቀን ደኑን ባዞራችሁ ጊዜ እኮ ደቦው የእሱ ነበር» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የጤፍ መሬት ተደጋግሞ ታርሶ ሐምሌ ላይ ይዘራል። መንደሩ በደቦ እየዞረ አንዱ ለሌላው ያርሳል፤ ተራ የደረሰው ባለ ማሳ ሰዎቹን ያበላል፣ ያጠጣል፣ አብሮም ይውላል። የእሱ ተራ እኛ ደኑን ባየንበት ቀን ላይ ወደቀ። እንግዳ ጥሎ አይወጣምና ታላቅ ልጁን ልኮ እሱ ጉሬዛ ሲያሳየን ዋለ። ሚስቱ ደግሞ ጠዋት ለደቦው ሰዎች፣ ማታ ለእኛ ጋግራለች። እኛም እንጀራው ሲቀርብ «እንዴት ለስልሷል!» ብለን አመስግነን በልተናል።

ጎተራውንም ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌ ለከተማ ሰው የዕረፍት ወር፣ ለደጋ ገበሬ ደግሞ የዓመቱ ጠባብ ወር ነው። ያለፈው እህል እያለቀ ነው፣ አዲሱ ገና አልተዘራም ወይም ገና በቡቃያ ነው። የማዳበሪያው ገንዘብ ሰኔ ላይ ወጥቷል። እንሰት ያለው ቤት ይህን ወር በቆጮ ያልፋል። እኛ ያመጣነው ስኳር፣ ቡና፣ ዘይትና ሳሙና ነበር። ለአራት ሰው እዚያ በምንቆይበት ቀን ሲካፈል ምን ያህል እንደሚሆን እዚያው በጣቴ ቆጠርኩ። አኮ ግን አልቆጠሩም፤ ቢቆጥሩ ውርደት ነው።

በማግሥቱ ባለቤቴና እኔ ድንቹን አፈር ልናስታቅፍ ማሳ ገባን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እጄ ውሃ ቋጠረ። አማቴ ከሩቅ አይተው ሲስቁ መላ መንደሩ ሰማ። ቢሆንም ሌሊት ላይ እንደዚያ ቀን የተኛሁበትን አላስታውስም። ልጆቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጃ የማገድ ተራ ደረሳቸው። ከእንግድነት ወደ ቤተሰብነት የገባነው ያን ቀን ይመስለኛል።

ለሚቀጥለው ሐምሌ

ፈረንሳዮቹ ዕረፍትን ወደ ገጠር ሲወስዱ የተከራዩት የማያውቁትን ሰው ቤት ነው፤ ስለዚህ ዋጋ መተመን ቀላል ነበር። የእኛ ገጠር የአያት ቤት ነው፤ በአያት ቤት ዋጋ አይጠራም። ዋጋ ስለማይጠራ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አንድ ሰው እየከፈለው ነው፤ ብዙ ጊዜም የምትከፍለው ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥታ እሳት የምታነደው ሴት ናት።

ስለዚህ እኛ ለራሳችን ደንብ አወጣን፤ ለሚሰማ ሁሉ እንካችሁ። ወጪያችሁን ከእናንተ ጋር ይዛችሁ አትምጡ፤ ቀድሞ ይላክ። በግንቦትና በሰኔ፣ ማዳበሪያ ሲገዛና ጎተራ ሲጎድል፣ የዕረፍታችሁን ግማሽ ገንዘብ ላኩ። ስትደርሱ «ለእንግዳ» ተብሎ በግ እንዳይታረድ ቀድማችሁ ተማፀኑ። ደቦው መቼ እንደሚውል ጠይቁ፤ በዚያ ቀን ጉብኝት አይኑር፤ ከተቻለም ማሳ ውረዱ። የአገሩን ቋንቋ አንድ ሰላምታና አንድ ምስጋና ለልጆቻችሁ አስተምሩ፤ በዚህ አገር «አካም ጂርቱ» እና «ገላቶማ» ብዙ በር ይከፍታሉ። ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪና የቁንጫ መድኃኒት አትርሱ። ዘመድ የሌላችሁም አትቅሩ፤ አምቦ ፍልውሃ አለ፣ ወንጪ የፈረስ ተራ አለ።

ስንመለስ አኮ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ቅል ቅቤ አስይዘውናል። «ባዶ እጅ አይገባም» አሉ፤ እኛ ምን ያህል ይዘን እንደገባን ረስተው። ሐምሌ 30 ነበር፣ ማግሥቱ ፍልሰታ። ቅቤው አዲስ አበባ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ሳይነካ ቆየ፤ ትንሹ ልጄ በየጠዋቱ በሩን ከፍቶ ያየው ነበር።

የዘንድሮ ፈቃዴ 16 ቀን ነው። ዘጠኙን ለሐምሌ ይዣቸዋለሁ፤ የሰኔውን ገንዘብ ደግሞ ግንቦት ላይ ልኬያለሁ።